ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ትንሽ እጅ ከባዱን የእጅ መጭመቂያ ሊዘጋ ይችላል?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጂም መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ ከአሜሪካ ካፕቴንስ ኦቭ ክራሽ የሚባሉ ግሪፐሮች (በስፕሪንግ የተያያዙ ሁለት እጀታዎች ያሏቸው፣ ቁጥራቸው ሲጨምር የሚከብዱ የእጅ መጭመቂያዎች) ልኮልኝ ቁጥር 1ን ስምንት ጊዜ አከታትዬ እዘጋለሁ። ቁጥር 2ን ግን አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ብሞክርም የእጀታዎቹን ጫፎች ማነካካት አልቻልኩም። ከእጄ አንጓ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ያለው ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጓደኞቼ «በዚህ እጅ አይሆንልህም» ይሉኛል። ሰሞኑን ደግሞ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኛል። ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው መጭመቂያውን ያስቀምጡት፤ ምክንያቱም የሌሊቱ መደንዘዝ ነው፤ ዝቅ ብዬ አብራራዋለሁ። ስለ እጅዎ መጠን የተነገረዎት ግን ትክክል ስላልሆነ በቅድሚያ እርሱን ማረም እፈልጋለሁ።

ጣቶቻችንን በኃይል የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት ከክርን በታች ባለው ክንዳችን ውስጥ ነው፤ መዳፋችንን አልፈው ጣቶቻችን ድረስ የሚዘልቁት ጅማቶቻቸው ናቸው። ስለዚህ አጭር ጣት ያለው ሰው ጠንካራ ጡንቻ ሊኖረው ይችላል። ችግር የሚገጥመው መነሻው ላይ ነው። ማንኛውም ጡንቻ ከመጠን በላይ ተለጥጦ ሲጀምር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ረጅም ጣት ያለው ሰው የተከፈተውን እጀታ በጣቱ መሃለኛ አጥንት ሲጠቀልለው፣ እርስዎ የሚደርሱበት በጣትዎ ጫፍ ብቻ ይሆናል፤ በጣት ጫፍ ደግሞ ከባድ ስፕሪንግ አይዘጋም።

መፍትሔው አያያዝ ነው። አንዱን እጀታ በአውራ ጣትዎ ሥር ባለው ወፍራም ሥጋ ላይ ያሳርፉትና፣ ሌላውን በነፃው እጅዎ ወደ ውስጥ እየገፉ አራቱ ጣቶችዎ በደንብ እስኪጠቀልሉት ድረስ ያቅርቡት፤ ከዚያ በኋላ ነፃውን እጅ ለቀው ይጭመቁ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። መጭመቂያውን የሚሠራው አይረንማይንድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለከባዶቹ ቁጥሮች ዕውቅና ሲሰጥ እንኳ በነፃው እጅ ማስተካከልን ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ጭመቃው ሲጀመር በእጀታዎቹ ጫፎች መካከል የባንክ ካርድ በአጭር ጎኑ እንዲያልፍ ብቻ ነው። ኪስዎ ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ አጭር ጎኑ 5.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና በእርሱ ይለኩ። በልምምድ ወቅት ከዚያም አጥብበው ቢጀምሩ ነውር የለውም።

ሁለት ነገሮችን ይጨምሩበት። አንደኛ፣ ማርያም ጣትዎ እጀታው ጫፍ ላይ ይረፍ፤ እጅዎ ወደ ስፕሪንጉ በቀረበ ቁጥር ያው መጭመቂያ ይከብድብዎታል፤ መዳፈ ጠባብ የሆኑ ሰዎች ሳያውቁት ወደ ላይ ይይዙታል። ሁለተኛ፣ የእጅዎ አንጓ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ። አሁኑኑ ይሞክሩት፤ ጡጫዎን ጨብጠው አንጓዎን ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሲያጥፉት ጣቶችዎ በራሳቸው ሲላሉ ያያሉ። አንጓው ወደ ኋላ ትንሽ ቀና ሲል ግን ጭብጡ ይጠነክራል።

ከዚህም በላይ ዝላዩ ራሱ ትልቅ ነው። ቁጥር 1 የተመደበው በ140 ፓውንድ ወይም 63.5 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ቁጥር 2 ደግሞ በ195 ፓውንድ፣ ማለትም 88 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በመካከላቸው 167.5 ፓውንድ የሆነው ቁጥር 1.5 ስላለ ወንድምዎ እርሱን ቢልኩልዎ ይሻላል።

አሁን ወደ መደንዘዙ ልመለስ። በእጅ አንጓ ውስጥ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣብበው ያልፉበታል። ጅማቶቹ ያለ ዕረፍት በከባድ ጭመቃ ሲፋተጉ ያብጣሉ፤ ቦታው ስለማይሰፋ ነርቩ ይጨፈለቃል። ይህ ነርቭ የአውራ ጣትን፣ የሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን ስሜት ስለሚመራ፣ እንዲሁም ሌሊት አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ፣ የጻፉልኝ ምልክት ከዚህ ችግር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሳላይዎት ግን በእርግጠኝነት ልል አልችልም፤ ከአንገት የሚነሳ የነርቭ ሥር መጨፍለቅም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራል።

ስለዚህ ለሦስት ሳምንታት ጭመቃውን ያቁሙ፤ ባርቤል ከመሬት ማንሳትንና ፑል አፕንም ይቀንሱ፤ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስረው ይተኙ። መደንዘዙ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በቁጥር 1 ይጀምሩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ቀን እያረፉ። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት ይፈልጋልና የየቀኑ ሙከራ እርስዎን የጎዳዎት ይመስለኛል። ሲጭመቁ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ የደም ግፊት ለአፍታም ቢሆን በኃይል ይወጣል፤ ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ከባድ መጭመቂያ ባይነካ እመርጣለሁ። ጣትዎ ታጥፎ ቀጭ እያለ አልዘረጋም ቢልዎትም ያቁሙ።

ሦስቱ ሳምንታት አልፈው መደንዘዙ ካልለቀቀዎት፣ ወይም ከዚያ በፊት ስኒ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተዎት፣ ወይም በአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅዎ ጋር ሲያነጻጽሩት የሟሸሸ ከመሰለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አጥንት ሐኪም ይሂዱ። የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ ስኳርና የታይሮይድ ዕጢ ሕመምም ይህንን ነርቭ ስለሚያስቸግሩ የደም ምርመራውን አብረው ያሠሩ።