ወዝ የጠገበ ማውስ ፓድ እንዴት ይታጠባል?

ቀኑን ሙሉ እጅ ያርፍበታል፤ እንዲያም ሆኖ ከኮምፒውተር ዕቃዎች ሁሉ የሚረሳው ማውስ ፓድ ነው። በዚህ ዕትም ስለ እሱ የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ጥቁር የጨርቅ ማውስ ፓድ አለኝ። መሀሉ ግራጫ ሆኗል፤ የእጄ አንጓ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ያብለጨልጫል። ማውሱም እንደ ድሮው አይንሸራተትም፣ ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ውሃ ያበላሸዋል ብዬ ስለምፈራ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የምጠርገው። ልጠበው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ይጠቡት። የጨርቅ ማውስ ፓድ ሁለት ንብርብር አለው፤ ከላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊስተር ክር የተሸመነ ስስ ጨርቅ፣ ከሥር ደግሞ ጎማ። ጠቅላላ ውፍረቱ በአመዛኙ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ጨርቁም ጎማውም ውሃ አይፈሩም። ጉዳት የሚደርሰው ሁለቱን በያዘው ማጣበቂያ ላይ ነው፤ እሱንም የሚጎዳው ሙቀትና መጠምዘዝ ነው።

ደረቅ ጨርቅ ያልረዳዎት ቆሻሻው አቧራ ብቻ ስላልሆነ ነው። የእጅ ላብና ወዝ፣ ከቆዳ የሚረግፈው ብናኝ ከአቧራው ጋር ተለውሶ በሽመናው ውስጥ ይጋገራል። ወዝን የሚያስለቅቀው ሳሙና ነው።

መጀመሪያ ፓዱን ገልብጠው ጀርባውን መታ መታ በማድረግ አቧራውን ያራግፉ። ፀጉር ከያዘ ሰፊ ፕላስተር የሚያጣብቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው እጅዎ ላይ ይጠቅልሉና ያንሱት። ቀጥሎ ፓዱ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ የሚገባበት ሳፋ ይፈልጉ። ለብ ያለ ውሃ ይሙሉበት፤ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አይብለጥ፣ እጅ ሲነከርበት ሙቀቱ እምብዛም የማይታወቅ ይሁን። ለ2 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ ማጣበቂያውን ያለ ጥቅም ማድከም ነው።

ከዚያ ዝርግ ነገር ላይ አንጥፈው በለስላሳ ስፖንጅ ወይም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ይሹት። ለድስት መፈግፈጊያ የሚሆን ሻካራ ስፖንጅ አይንካው፤ ክሩን ያነሳሳውና ማውሱ በየቦታው መደናቀፍ ይጀምራል። አረፋው መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ወዙ መልቀቅ ሲጀምር ግራጫ፣ ብሎም ቡናማ ይሆናል። መሀሉንና የአንጓውን ቦታ አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪቀር ደጋግመው ይሹ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማለቅለቁ ላይ ነው። በጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ፓዱ ይገትራል፣ ማውሱን ይይዛል፣ አቧራም ቶሎ ይሰበስባል። በቧንቧ ሥር አንዱን ጫፍ ከፍ አድርገው ይያዙና ውሃውን በመዳፍዎ ከላይ ወደ ታች ይግፉት። ከጫፉ የሚወርደው ውሃ አረፋ እስኪያጣ፣ ጨርቁም ከመዳፍ ሥር መሙለጭለጩን እስኪተው ይቀጥሉ።

ሲያደርቁት አይጠምዝዙት፣ አያጥፉትም። በሁለት ፎጣዎች መካከል አንጥፈው በክንድዎ ይጫኑት፤ ውሃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ከዚያ ጨርቁን ወደ ላይ አድርገው አየር በሚያገኝ ጥላ ያስጡት። ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ወፍራም ከሆነ እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። ፀሐይ፣ የፀጉር ማድረቂያና የክፍል ማሞቂያ አይሆኑም። ፊቱ ደርቆ ጠርዙ ውስጥ ርጥበት ሊቀር ይችላል፣ በተለይ ጠርዙ በክር የተዘመዘመ ከሆነ። ሶፍት በጠርዙ ላይ አጥፈው በሁለት ጣት ጨበጥ ያድርጉት፤ ሶፍቱ ከረጠበ አንድ ሌሊት ይጨምሩለት። ርጥበቱ ሳይወጣ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ፓድ ይሸታል።

ከዚህ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ከጠረጉት፣ ሙሉ እጥበት በሁለት ሦስት ወር አንዴ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የኔን በልብስ ማጠቢያ ማሽን በ60 ዲግሪ አጠብኩት። አንዱ ጥግ ጨርቁ ከጎማው ተላቀቀ፣ ሌላው ጥግ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ይስተካከላል?

መልስ፦ ጥፋቱ ሁለት ነው። 60 ዲግሪ ማጣበቂያውን አለሰለሰው፤ ማሽኑ ሲያሽከረክር ደግሞ ፓዱን አጥፎ ግድግዳው ላይ አጣበቀው። ማሽን የግድ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስስ ልብስ የሚሆነው እጥበት፣ ያለ ማሽከርከር ብቻ ነው። የጨርቅ ማለስለሻም አይጨመርም፤ ክሩ ላይ ሽፋን ይተዋል።

የተላቀቀው ጥግ ይጠገናል። ፈጽሞ ሲደርቅ ጫማ የሚጣበቅበትን ማስቲሽ በጎማውም በጨርቁም ላይ በጣም በስሱ ይቀቡ፤ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ይክፈቱ። ጣት ሲነካው እስከማይከተል ድረስ፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ ይጠብቁና ከውስጥ ወደ ጥጉ እየገፉ ይግጠሙት፤ ከባድ ነገር ጭነውበት ይደር። ማስቲሹ ከበዛ እብጠት ይሆንና ማውሱ ይሰናከልበታል። ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ጠንክሮ ፓዱ በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል።

የተጠቀለለውን ጥግ ለጥቂት ደቂቃ በተቃራኒው አቅጣጫ ላላ አድርገው ይጠቅልሉት፣ ከዚያ በከባድ መጻሕፍት ሥር ሁለት ቀን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ወተት ያለው ጣፋጭ መጠጥ ፈሰሰበት። ከዚያ በፊትም የእስክሪብቶ ቀለም ነበረበት።

መልስ፦ ለመጠጡ ፍጥነት ይጠይቃል። በሶፍት ይጫኑት እንጂ አይፈትጉት፤ መፈተግ ፈሳሹን ወደ ጎማው ያሰርገዋል። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ሙቅ ውሃ የወተቱን ፕሮቲን አርግቶ ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል። ስኳሩን ውሃ ብቻ ያሟሟዋል፤ ከቀረ ግን ማውሱ ያንን ቦታ ባለፈ ቁጥር ይጣበቃል።

ለቀለሙ ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል ይንከሩ። መጀመሪያ ጥግ ላይ ይሞክሩት፤ ሥዕል የታተመበት ፓድ ሥዕሉ አብሮ ሊለቅ ይችላል። ሥዕሉ ካልለቀቀ ከነጠብጣቡ ዳር ወደ መሀል ጠቅ ጠቅ ያድርጉ፣ ጥጡ ቀለም በያዘ ቁጥር ይቀይሩ። በረኪና ቀለሙን ትቶ የጨርቁን መልክ ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ጠርዙ ላይ መብራት ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ፓድስ?

መልስ፦ ውሃ ውስጥ አይገባም። ገመዱን ይንቀሉ፣ ስፖንጁን በሳሙና ውሃ ነክረው አጥብቀው ይጭመቁና ጨርቁን ብቻ ይጥረጉ። መቆጣጠሪያው ሳጥንና የመብራቱ ክር ባሉበት ዳር በደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ሙሉ ቀን ሳይደርቅ አይሰኩት። ጄል የአንጓ መደገፊያ ያለውም እንዲሁ በመጥረግ ብቻ ይጸዳል። የጠንካራ ፕላስቲክና የመስታወት ፓድ ቀላል ነው፤ ሳሙና በነካው ጨርቅ፣ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ፕላስቲኩን ግን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይንካው፤ ሊያቀልጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ ፓዱን አጥቤ አደረቅኩት፤ ቀስቱ አሁንም ስክሪኑ ላይ ይዘላል፣ ማውሱም ይጎተታል።

መልስ፦ ማውሱን ገልብጠው ይዩት። ከሥሩ የተለጠፉት ለስላሳ እግሮች በብዛት ከቴፍሎን የሚሠሩ ናቸው፤ ዙሪያቸውን እንደ ጥቁር ክር የከበበው የተጋገረ ወዝ ነው። ንጹሕ ፓድ ላይ ቆሻሻውን መልሰው እያሹት ነው ማለት ነው። ማውሱን ያጥፉት ወይም ይንቀሉት፤ ክሩን በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ጠርዝ ጠርዙን ፈልቅቀው ያንሱት፣ አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ይጨርሱት። መጎርጎሪያው ከእግሩ ሥር አይግባ፤ እግሩን ያነሳዋል።

ዝላዩ ከመሀለኛው ቀዳዳ ይመጣል። በዚያ ያለው ሴንሰር የፓዱን ፊት በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፎቶ እያነሳ ምስሎቹን ያነጻጽራል፤ እንቅስቃሴን የሚያውቀው በልዩነታቸው ነው። አንዲት ፀጉር ቀዳዳው ላይ ከተጋደመች በየምስሉ ውስጥ ትገባለች። በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ ያስወጡት፣ ወይም በደረቅ የጆሮ ጥጥ ሳይጫኑ ዳበስ ያድርጉት።

አሁንም ከዘለለ ማውሱን ነጭ ወረቀት ላይ ያንቀሳቅሱት። ወረቀቱ ላይ ደህና ከሄደ ችግሩ ፓዱ ነው፤ ገና ርጥበት አለው፣ ወይም ያንጸባርቃል። ወረቀቱም ላይ ከዘለለ ማውሱን፣ ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪውንና መቀበያውን ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ፓዱ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተትብኛል።

መልስ፦ የሥሩ ጎማ አቧራ ለብሶ ነው። ጎማውንም ጠረጴዛውንም በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሁለቱም ሲደርቁ መልሰው ያንጥፉት። የጠረጴዛ ማብረቂያ ዘይት ከቀቡ ግን ምንም ቢያጥቡት አይይዝም፤ ዘይቱን በሳሙና ያስለቅቁ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው በቃ የሚባለው?

መልስ፦ በጥፍርዎ ጫፍ ከጠርዙ ወደ መሀሉ ቀስ አድርገው ይሂዱበት። ጠርዙ ላይ የሽመናው ሻካራነት ይሰማል። መሀሉ ታጥቦ ደርቆም እንደ ላስቲክ ልሙጥ ከሆነ ክሩ ተበልቷል፤ ይህን ሳሙና አይመልሰውም። ጎማው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ መተው ከጀመረ ወይም ከተጣበቀም መጣሉ አይዘገይ፤ ጠረጴዛው ላይ ምልክት ይተዋል። የተመዘዘ የጠርዝ ክር ግን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ሳይስቡ በመቀስ ሥሩ ላይ ይቁረጡት። ኪቦርዱን ጭምር የሚይዝ ትልቅ ፓድ ያላችሁ በየእጥበቱ ግማሽ ዙር አዙሩት፤ ማውሱ የሄደበት ጎን በኪቦርዱ ሥር ያርፋል፣ ያልተነካው ጎን ተራውን ይሠራል።