የተቃና እግር ጫማውን ገና ይፈልጋል

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው ነው የተወለደው። በሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ወስጄው፣ በየሳምንቱ እየተቀየረ ስድስት ጊዜ ጀሶ ታሰረለት፤ ከዚያም የተረከዙ ጅማት ተቆርጦ የመጨረሻው ጀሶ ሦስት ሳምንት ቆየ። አሁን አምስት ወሩ ሲሆን እግሮቹ ተቃንተዋል። በብረት የተያያዘውን ጫማ ማድረግ ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ሌሊት ግን በለቅሶ ያነጋል። አማቴም «እግሩ ከዳነ ሕፃኑን ለምን ታሰቃዪዋለሽ? ካልሆነም ወጌሻ ያሽለት» ስለሚሉኝ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ አወልቅለታለሁ። አጥፍቻለሁ?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ አራስነትዎን ሳይጨርሱ ልጅዎን ታቅፈው በየሳምንቱ መመላለስዎ ትልቅ ሥራ ነው፤ ያ ድካም መና እንዳይቀር ጫማውን ዛሬ ማታ እንዲመልሱለት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ የታከመበትን መንገድ ያዳበሩት በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ስፔን የተወለዱት ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። በዚህ ሕክምና ጀሶው እግሩን ያቃናል፤ ጫማው ደግሞ የተቃናውን ይጠብቃል። በቆልማማ እግር የውስጠኛው ጎንና የተረከዙ ጅማቶች አጭርና ጠንካራ ናቸው፤ ጀሶው ቀስ በቀስ ቢያላላቸውም እግሩ በፍጥነት በሚያድግባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ቀድሞ ቦታው መሳባቸውን አያቆሙም። ዛሬ ቀጥ ብሎ የሚያዩት እግር ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊቆለመም የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመመለሱም ዋነኛው መንስኤ ጫማውን ማቋረጥ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሌሊትና ቀን በሚተኛበት ጊዜ፣ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሊያደርገው ይገባል። የቀኑን ሰዓት የሚያሳጥረው ሐኪሙ ነው እንጂ የእግሩ መልክ አይደለም።

ለቅሶው ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መነሻው ጫማው በትክክል አለመታሰሩ ነው። ጉልበቱን አጥፈው እግሩን ወደ ጫማው ያስገቡና ተረከዙ የጫማውን ወለል መንካቱን ያረጋግጡ፤ በመጀመሪያ የሚጠብቀውም የመካከለኛው ማሰሪያ ነው፣ ተረከዙን አጥብቆ የሚይዘው እርሱ ነውና። ካልሲው ስስ ጥጥ ይሁን፣ እጥፋትም አይኑረው። ጫማው ሲወልቅ የሚታይ ቀላል መቅላት አያስደንግጥዎ። ውኃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቦታ፣ በተለይ ከተረከዙ ኋላ፣ ካዩ ግን እግሩ በጫማው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ለሚከታተለው ባለሙያ ያሳዩ። በቀላው ቦታ ላይ ቅባት አይቀቡ፤ ቆዳውን ያለሰልሰዋል።

ሕፃናት መጀመሪያ ላይ እግራቸውን ለየብቻ ለማወራጨት ሲሞክሩ ብረቱ ይይዛቸውና ይበሳጫሉ። ብረቱን በእጅዎ ይዘው ሁለቱንም ጉልበቶቹን አንድ ላይ እያጠፉና እየዘረጉ ቢያጫውቱት እግሮቹ አብረው መሄድ እንዳለባቸው ይለምዳል። ባለቀሰ ቁጥር ከወለቀለት ግን ለቅሶው ጫማውን እንደሚያስወልቅለት ይማራል፤ ያን ልማድ በኋላ ማስተው እጅግ ይከብዳል።

አማትዎ የሚናገሩት ለልጁ በመሳሳት ነው፤ አክብሮትዎን ሳይቀንሱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ጫማው ሲታሰርም በዓይናቸው ይዩ፣ በእጃቸውም ይሞክሩት። የወጌሻውን ነገር ግን በፍጹም አልመክርም። የዚህ ዕድሜ ሕፃን የእግር አጥንት አብዛኛው ገና ለስላሳ ልምአጥንት ስለሆነ በኃይል መታሸትና መጠምዘዝ ሊጎዳው ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ልጁ እንዲህ ሆኖ የተወለደው በእርግዝናዎ ጊዜ ባደረጉት ወይም ባላደረጉት ነገር አይደለም።

አንድ ሳምንት ማታ ማታ በመውለቁ እግሩ ተበላሽቷል ብለው አይጨነቁ። ጫማውን ሲመልሱለት ተረከዙ ወደ ላይ እየሸሸ አልቀመጥ ካለ፣ ወይም የእግሩ ፊት ወደ ውስጥ መዞር ከጀመረ፣ በግድ አይግፉት፤ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱ። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ጀሶ ደግሞ በማሰር ይስተካከላል። በሄዱ ቁጥር ጫማውንም ይዘው ይሂዱ፤ ጣቶቹ የጫማውን ጫፍ አልፈው ወደ ታች መታጠፍ ከጀመሩ ከፍ ባለ ቁጥር መቀየር ይኖርበታል።