መብራቱ በርቷል፤ ውሉ ግን ከማን ጋር ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጀርመን ስለ ቤት ኤሌክትሪክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍራንክፈርት ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ምንም ሳልፈርም መብራቱ ይሠራል። ጓደኛዬ «ከኪራዩ ጋር የተያያዘ ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ከማላውቀው ድርጅት የክፍያ ደብዳቤ በስሜ መጣ። ማጭበርበር ይሆን?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ለማረጋገጥ ደብዳቤው ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር ከራስዎ ቆጣሪ ጋር ያመሳክሩ። በጀርመን ሕግ ማብሪያውን የተጫኑ ዕለት ውል ገብተዋል፤ ፊርማ አይጠየቅም። ሌላ ኩባንያ ካልመረጡ ሽትሮም (ኤሌክትሪክ) የሚሸጥልዎ ግሩንድፈርዞርገር የሚባለው ነው፤ ይኸውም በሰፈሩ አብዛኛውን ቤት የያዘው ድርጅት። ጓደኛዎ የተናገሩት በአብዛኛው የሚሠራው ከሰው ጋር ክፍል ተጋርቶ ለሚኖር ነው። ኔበንኮስተን (ከኪራዩ ጋር የሚከፈለው የሕንፃው ተጨማሪ ወጪ) ውስጥ የሚገባው የደረጃው መብራት እንጂ የቤትዎ አይደለም።

የግሩንድፈርዞርገር ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ወደድ ይላል፤ ግን በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ይለቅዎታል። ለመቀየር ስም፣ አድራሻ፣ የቆጣሪ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ይበቃል፤ የድሮውን ውል አዲሱ ኩባንያ ራሱ ያቋርጥልዎታል። ሌሎች ኩባንያዎች ሹፋ (የሰውን ዕዳ የመክፈል ታሪክ የሚያሳይ መዝገብ) አይተው እንቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ግሩንድፈርዞርገር ግን በመርሕ ደረጃ የመቀበል ግዴታ አለበት። ለአዲስ መጤ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩ ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠውን ቦነስ ሳይቆጥሩ ያስሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ዓመት ከሞላ በኋላ ነው። በር እያንኳኳ «ቆጣሪዎን ልይ» ለሚል ሻጭ ቁጥሩን አያሳዩ፤ ያንን ካገኘ ሳያውቁት ሊያስቀይርዎ ይችላል። ፈርመው ከሆነም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ይችላሉ።

ገና ቤት ለሚገቡ፦ ቀድሞ ከገቡ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ወደኋላ መመዝገብ ይቻል ነበር። ከሰኔ 6 ቀን 2025 (በፈረንጆች) ወዲህ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ ውሉን ቁልፍ ከመረከብዎ በፊት ይጨርሱ፤ ካልሆነ እስኪመዘገቡ ድረስ ያለው ሁሉ በግሩንድፈርዞርገር ዋጋ ይታሰባል።

ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን ከአከራዩ ጋር ቆጣሪው ጋ ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ኬለር (ምድር ቤት) ውስጥ ወይም ደረጃው ላይ ነው። ቁጥሩንና ንባቡን ፎቶ አንስተው በርክክብ ፕሮቶኮሉ ላይ ያስጽፉ። ክብ ሳህን የሚሽከረከርበት አሮጌ ቆጣሪ ከሆነ በቀይ የተከበበው የመጨረሻ አኃዝ ከነጥብ በኋላ ያለ ነውና አይላክም፤ እሱን ጨምሮ የላከ ሰው ፍጆታው አሥር እጥፍ ሆኖ ይመጣበታል። በዲጂታሉ ላይ 1.8.0 የሚለው መስመር ነው የእርስዎ። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር ተምታቶ እንደሆነ ለማወቅ የቤትዎን ብሬከሮች በሙሉ ያጥፉ፤ ሳህኑ አሁንም ከዞረ የሌላ ሰው ፍጆታ እየከፈሉ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ፤ 3500 ዋት ይላል። ሶኬቱ ይገባል፤ ግን አንዳንዴ በመሃል ይጠፋል፣ አንዳንዴ ገና ስሰካው ቤቱ ሁሉ ይጨልማል።

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ ችግር ናቸው። የጀርመን የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነው፤ በ230 ቮልት 3680 ዋት ይችላል። ምጣዱ ብቻውን 15 አምፔር ያህል ይወስዳል። በዚያው መስመር ላይ 2000 ዋት የውሃ ማፍያ ከተሰካ 24 አምፔር ይደርስና ብሬከሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ስትጋግሩ በዚያ መስመር ላይ ሌላ ነገር አይሰካ። ዲቫይደርና የተጠቀለለ ገመድም አይሁን፤ ጥቅሉ ውስጡ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ ዳሰስ ያድርጉት፤ የሚፋጅ ከሆነ ያቁሙ።

ገና ሲሰካ ቤቱ ሁሉ ከጨለመ ግን የወረደው ኤፍ-ኢ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆርጠው ማብሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሸክላው ውስጥ የገባ እርጥበት ነው፤ ምጣዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው ሲሰኩት ይታያል። ለጥቂት ቀናት ሞቅ ባለ ክፍል ያድርቁት። ከዚያም ከቆረጠ ሽቦው ከብረት አካሉ ጋር ተነካክቷል ማለት ነውና መጠቀም የለብዎትም። የግራውንዱን ሽቦ ነቅሎ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ያጋጥማል፤ ያኔ ኤፍ-ኢው መቁረጡን ይተውና ፍሳሹ በእርስዎ በኩል መውጫ ይፈልጋል። የምድጃው መስመር ባለ 400 ቮልት ስለሆነም እጅ አይግባበት። ዘላቂው መፍትሔ አከራዩን አስፈቅዶ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ለምጣዱ ለብቻው መስመር ማስዘርጋት ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ነን። በወር 62 ዩሮ ስንከፍል ቆይተን በዓመቱ መጨረሻ 380 ዩሮ ጨምሩ አሉን። የተጠቀማችሁት 2800 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንዱ 35 ሳንቲም፣ መሠረታዊ ክፍያ በወር 12 ዩሮ ይላል።

መልስ፦ ሂሳቡ ልክ ነው፦ 980 ሲደመር 144፣ በድምሩ 1124፤ የከፈላችሁት 744። ስህተቱ ከመጀመሪያው አብሽላጉ (በግምት በየወሩ የሚከፈለው ቅድሚያ ክፍያ) ላይ ነበር። 62 ዩሮ የሚበቃው ለ1700 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ምናልባት ከእናንተ በፊት ብቸኛ ሰው ይኖርበት ይሆናል። እንጀራ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የምትጋግሩ ከሆነ ምጣዱ ብቻ በዓመት 455 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 159 ዩሮ ይበላል፤ ይህን ደግሞ የጀርመን መደበኛ ግምት አያውቀውም። አብሽላጉን ወደ 94 አስጨምሩ። ቢሉ ላይ «ገሼትስት» የሚል ካለ ንባቡ የተገመተ ነውና እውነተኛውን በፎቶ ላኩ። በአንዴ መክፈል ካልቻላችሁ ክፍያው እንዲከፋፈልላችሁ ወዲያው ጠይቁ። ግሩንድፈርዞርገር መብራት ሊቆርጥ የሚችለው ዕዳው ቢያንስ የሁለት ወር አብሽላግና 100 ዩሮ ሲደርስ ነው፤ ከአራት ሳምንት በፊት ማስጠንቀቅ፣ ቀኑንም ከስምንት የሥራ ቀን በፊት በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ጆብሴንተር (ሥራ ለሌለው ወይም ገቢው ለማይበቃው ድጎማ የሚሰጠው ቢሮ) ሽትሮም ይከፍላል?

መልስ፦ ማሞቂያውን ለብቻ ይከፍላል፤ ሽትሮሙ ግን ከሚሰጥዎ የወር ገንዘብ ውስጥ ነው። የመታጠቢያው ውሃ በቤትዎ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ከሆነ ለአዋቂ ከመደበኛው ክፍያ 2.3 በመቶ ጭማሪ አለ። ማመልከቻው ላይ ውሃው እንዴት እንደሚሞቅ ካልጻፉ ጭማሪውን ላያገኙ ይችላሉ።