«ፍለጋ ብቻ ነው» ሲሏችሁ መንገዱን ጠይቁ

ጥያቄ፦ እህታችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ኢታንግ አካባቢ አስተማሪ ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ነዳጅ ፈላጊዎች ጋምቤላ መጥተው ቆፍረው እንደነበር አባቴ ይነግረኛል። ሰሞኑን ደግሞ «ሌላ ኩባንያ ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ይናፈሳል። ሻይ ቤት ስንከራከር ግማሹ «ሥራ ይመጣል፤ ደግሞ ፍለጋ ብቻ እኮ ነው፣ አንድ ጉድጓድ ምን ያደርጋል?» ይላል። ግማሹ «ውሃችን ይበላሻል» ይላል። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ፍሎሪዳ የሚኖረው የአጎቴ ልጅም እነሱ ጋ በረግረግ ውስጥ ለመቆፈር በሚሰጥ ፈቃድ ላይ ትልቅ ክርክር እንደነበር በስልክ ነገረኝ። እውነት አንድ የፍለጋ ጉድጓድ ይህን ያህል ያስፈራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» ብዬህ ልቀጥል። አባትህ ልክ ናቸው። ፔትሮናስ የተባለው የማሌዥያ መንግሥት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጋምቤላን የፍለጋ ፈቃድ ወስዶ ነበር። በኋላም ቆፈረ። ለገበያ የሚሆን ነዳጅ ግን አላገኘም፤ ወጣ። አዲስ ቦታ ላይ የሚቆፈሩ የፍለጋ ጉድጓዶች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ይኸው ነው። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ በምክንያት ነው። ነዳጁ ላይገኝ ይችላል። ለፍለጋው ሲባል መሬቱ ላይ የተሠራው ግን እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንድ ጉድጓድ በደንብ ከተሠራና በደንብ ከተዘጋ፣ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ተቀጠርኩ። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ፣ እንደ እናንተው አገር ዝርግ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ገበሬው በዚያ ውሃ ሩዝ ያመርታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። እኛ የገባነው በበጋ ነበር። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ገረጋንቲ እያመጣን ሞላን፣ ጠቀጠቅን፣ መንገዱን ከሜዳው አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሠራን። ቱቦ የቀበርነው ወንዝ የሚመስል ነገር ባየንበት ቦታ ብቻ ነው። ስሌቱን ከሠሩት አንዷ እኔ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ገበሬ መጡና «ልጄ፣ ውሃው እኮ በዚህ ሁሉ ነው የሚያልፈው» ብለው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በክንዳቸው አሳዩኝ። ካርታው ላይ ግን እዚያ ወንዝ የለም። እኔ ካርታውን አመንኩ።

ክረምት ሲገባ ውሃው መንገዱ ጋ ደርሶ ቆመ። በላይኛው በኩል ሩዙ ሰጥሞ በሰበሰ። በታችኛው በኩል ውሃው ሳይደርስ ቀረ፤ ለጓያ የሚበቃ እርጥበት እንኳ ጠፋ። አዛውንቱን በኋላ አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም፤ «ነግሬሽ ነበር» እንኳ አላሉኝም። ያ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ያ ተራ የመኪና መንገድ ነው። ነዳጅ የሚባል ነገር በአጠገቡ አልነበረም።

ወንዝ ቦይ አለው፤ ድልድይ ትሠራለታለህ፣ ያልፋል። ረግረግ ላይ ግን ውሃው ቦይ የለውም። ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት በሚደርስ ጥልቀት በሰፊው ተነጥፎ፣ ዓይን በማይለየው ፍጥነት ይንፏቀቃል። ባሮን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከደጋው ተንደርድሮ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይሰፋል። ዓሣው የሚራባው በዚያ በተንጣለለው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ሲሸሽ አኙዋኩ በወንዙ ዳር በቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራል። ኑዌሩ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ነጭ ጆሮ ቆርኬዎቹም ከደቡብ ሱዳን ወደ ጋምቤላ የሚመላለሱት ይህንኑ ውሃና ሣር ተከትለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የአየር ላይ ቆጠራ በዚያ የፍልሰት ቀጠና ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ የዱር እንስሳት እንዳሉ ገምቷል። በዓለም ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ነው ተብሏል። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው ውሃው ሳይገደብ በመንጣለሉ ላይ ነው።

የመቆፈሪያ ማሽን ደግሞ በአንድ ፒክአፕ አይመጣም። ክሬን አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ የብረት ቱቦ፣ ሲሚንቶ፣ የናፍጣ ቦቴ አለ። ይህ ሁሉ ጭቃ ላይ አይሄድም። ስለዚህ መንገድ ይሞላል፤ ጫፉ ላይ ማሽኑ የሚቆምበት አንድ ሁለት ሄክታር የሚሆን መደብም ይሞላል። ቁፋሮው በጥቂት ወራት ያልቃል፣ ማሽኑ ተነቅሎ ይሄዳል። ሙሌቱን ግን ማን ያነሳዋል? ለማንሳት እኮ የማምጣቱን ያህል ገልባጭ መኪና ያስፈልጋል።

ከቁፋሮው በፊትም ሌላ ሥራ አለ። ከመሬት በታች ያለውን ለማየት መሬቱን እያንቀጠቀጡ ድምፁን ይቀዳሉ። የአጎትህ ልጅ ያለበት ፍሎሪዳ ውስጥ ቢግ ሳይፕረስ የሚባል የተጠበቀ ረግረግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲከለል መንግሥት የገዛው የላዩን መሬት ነው፤ ከታች ያለው ማዕድን የቀድሞ ባለቤቶቹ ሆኖ ቀረ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። በ2016 ጥናት ተደርጎ ጉዳቱ የጎላ አይደለም ተባለና ፈቃድ ተሰጠ። በ2017 እና በ2018 እያንዳንዳቸው 30 ቶን ገደማ የሚመዝኑ አንቀጥቃጭ መኪኖች ረግረጉ ውስጥ ገቡ። ጎማቸው ለስላሳውን አፈር ጥልቅ ቦይ አድርጎ አረሰው። መንገዳቸው ላይ የነበሩ ዛፎች ተቆረጡ፤ ከነሱ መካከል ድንክ ቢሆኑም ዕድሜ ጠገብ የሆኑ የሳይፕረስ ዛፎች አሉበት። አስተውል፣ ገና አንድ ጉድጓድ እንኳ አልተቆፈረም ነበር። በ2021 ኩባንያው ለፍለጋ ጉድጓዶች መንገድና መደብ ለመሥራት ሌላ ማመልከቻ ይዞ መጣ።

በዚያው በፍሎሪዳ፣ በስተሰሜን አፓላቺኮላ በሚባለው ወንዝ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2024 የግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ለአንድ የፍለጋ ጉድጓድ ፈቃድ ልስጥ ብሎ ነበር። አንድ ጉድጓድ ብቻ፤ ልክ እንደ ሻይ ቤታችሁ ክርክር። ከወንዙ በታች ያለው የባሕር ወሽመጥ በኦይስተር የታወቀ ነው። ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የሚበላ የባሕር እንስሳ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በዚያ ይተዳደር ነበር። ቁጥሩ ስለተመናመነ በ2020 መጨረሻ ለአምስት ዓመት እንዳይሰበሰብ ታገደ። ሰዉ ወሽመጡ እስኪያገግም እጁን አጣጥፎ እየጠበቀ ሳለ ነው የጉድጓዱ ወሬ የመጣው። ተቃወመ፣ ጉዳዩን ዳኛ ፊት አቆመ። በ2025 ዳኛው ፈቃዱ እንዳይሰጥ ሐሳብ አቀረበ፤ መሥሪያ ቤቱም ተቀብሎ ከለከለ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ሰዎቹ የተሟገቱት ዶዘር ከመግባቱ በፊት ነው።

ስለ ጉድጓዱ ጭቃም ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ሲቆፈር መሰርሰሪያውን ለማቀዝቀዝና የተፈጨውን ድንጋይ ለማውጣት፣ ሸክላና ልዩ ልዩ ኬሚካል የተቀላቀለበት ጭቃ ወደ ታች ይላካል። ተመልሶ ሲወጣ የሆነ ቦታ መጠራቀም አለበት። ርካሹ መንገድ ገንዳ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ እዚያ መድፋት ነው። በደረቅ አገር ይህ ቢያንስ ባለበት ይቀመጣል። እናንተ ጋ ግን ክረምት ላይ ውሃው ከመሬት በላይ ነው። ገንዳው ከጎርፉ ጋር አንድ ይሆናል። መፍትሔው ይታወቃል፤ ጭቃውን በተዘጋ የብረት ታንከር ይዞ ከሜዳው ማውጣት ነው። ይወደዳል። ስለሚወደድ፣ ካልጠየቃችሁ ማንም በፈቃዱ አያደርገውም።

ለዚህ ፍሎሪዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግህም። ኢታንግ አካባቢ ካሉት የስደተኛ መጠለያዎች ከደቡብ ሱዳኗ ዩኒቲ ግዛት የመጣ ሰው ፈልገህ አናግር። በዚያው አገር ያለው የሱድ ረግረግ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ባላቸው ረግረጎች መዝገብ ውስጥ አለ። ከአጠገቡና ከውስጡም ነዳጅ ይወጣል። ለነዳጁ የተሠሩ መንገዶች በብዙ ቦታ በቂ ቱቦ ስላልነበራቸው ውሃውን በአንድ ወገን አቁመው በሌላው አደረቁት። ልክ እንደ እኔ ስህተት፣ ግን በጣም በሰፋ መጠን። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ተከታታይ ጎርፍ መጣ። ቤንቲዩ ከተማ በውሃ ተከበበች፣ የነዳጅ መስኮችም ሰጠሙ። እዚያ መሬት ላይ የተተወ ቆሻሻ ሁሉ ውሃው ውስጥ ገባ። ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ያንኑ ነው።

«ፍለጋ ብቻ ነው» የሚለው ቃልስ? እኔ ይህን ቃል አልወደውም። አገሮች ከኩባንያ ጋር የሚፈራረሙት የምርት ክፍፍል ውል፣ ማለትም የሚገኘውን ነዳጅ የሚካፈሉበት ስምምነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውንም ምርቱንም በአንድ ላይ ይይዛል። ነዳጅ ከተገኘ ኩባንያው ወደ ማምረት የመሄድ መብቱ ቀድሞ ተጽፎለታል። ለብዙ ሚሊዮን ዶላር ቆፍሮ ያገኘን ኩባንያ ያን ጊዜ «በቃ፣ ረግረጉ ይበልጥብናል» ብሎ የሚመልስ መንግሥት እምብዛም ነው። ስለዚህ «ይሁን ወይስ አይሁን» የሚለው ትልቁ ጥያቄ የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን፣ ገና «ፍለጋ ብቻ» በሚባልበት ሰዓት ነው።

ሥራ ይመጣል ለሚሉት ጓደኞችህ አክብሮት አለኝ። ሥራ የሌለው ወጣት ስለ ዓሣ መራቢያ ሲነገረው ቢሰለች አልፈርድበትም። ግን እውነቱን እንነጋገር። በፍለጋ ጊዜ ለአካባቢው ሰው የሚተርፈው ምንጣሮ፣ ጥበቃ፣ ማብሰል፣ የቀን ሥራ ነው። ለጥቂት ወራት። ማሽኑን የሚይዙት ይዘዋቸው የሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ዓሣውና የበቆሎው መሬት ግን በየዓመቱ የሚከፍል ሥራ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ከፍ ያለ ሙሌት መንገድ የሚጠይቅ የፍለጋ ፈቃድ መሰጠት የለበትም። ውሃው ከማይደርስበት ዳር ላይ ሆኖ ወደ ጎን አጣምሞ መቆፈር የሚቻልበት ቦታ አለ፤ እሱ ይጠና። የማይቻል ከሆነ ይቅር።

አንተና ጎረቤቶችህ ግን ከእኔ አቋም የበለጠ ነገር በእጃችሁ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና በአንቀጽ 92፣ የሚነካችሁ ፕሮጀክት ሲታቀድ ሐሳባችሁ መጠየቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስብሰባ ከተጠራ «እንደግፋለን» ወይም «አንደግፍም» ብላችሁ ብቻ እንዳትወጡ። መንገዱ ስንት ሜትር ከፍ ይላል? በየስንት ሜትሩ ቱቦ አለው? ጭቃው የት ይሄዳል? ሙሌቱን ማን ያነሳል፣ ለማንሻውስ የሚሆን ገንዘብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባንክ ገብቷል ወይ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ።

አጥኚዎች በበጋ ነው የሚመጡት። እኔም በበጋ ነው የሄድኩት። ደረቅ ሜዳ አይተው «እዚህ ውሃ የለም» ብለው እንዳይጽፉ፣ ከዚህ ክረምት ጀምረህ ከተማሪዎችህ ጋር አንድ ሥራ ሥራ። ውሃው ከፍ ባለበት ቀን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በትልልቅ ዛፎች ግንድ ላይ ልኩን አስምሩ። ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱት ትልቅ ጎርፍ ካለ የዚያንም ልክ አስምሩ። ቀለሙ የዘይት ቀለም ይሁን፤ የውሃ ቀለም ጎርፉ ያጥበዋል።