«የአገር ልጅ ነው» የማስተማር ፈቃድ አይደለም

ሰላም እህቴ፣

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ዕድሜሽ 27 ነው፤ ግሪን ካርድ አለሽ፤ የግል አብራሪ ፈቃድሽን ይዘሻል። የእቁብ ዕጣሽ ሲደርስ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ፣ ማለትም ውጭው ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለውን ተጨማሪ ፈቃድ፣ ልትጀምሪ አስበሻል። አጎትሽ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት አንድ የአገር ልጅ፣ ሌሎች አስተማሪዎች በሰዓት ከሚጠይቁት በግማሽ ሊያስተምርሽ ተስማምቷል። «ወረቀቱን መጠየቅ ነውር አይሆንም ወይ?» ብለሻል።

አይሆንም። አጎትሽ ቅር ቢላቸው ጊዜ ያሽረዋል፤ ገንዘቡም ሎግቡኩም (የበረራ መዝገብሽ) ያንቺ ነው። በይሉኝታ ሳይጠይቁ ጀምረው ቼክራይዱ (የበረራ ፈተናው) ላይ ሲደርሱ ሰዓታቸው የተጣለባቸው ልጆች ጉዳይ ስለሚያንገበግበኝ ነው ለዚህ ጥያቄ ረዘም አድርጌ የምመልሰው።

የአውሮፕላን አስተማሪ ሁለት የተለያዩ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ካርዶች አሉት። አንደኛው የአብራሪነት ካርዱ ነው፤ እዚያ ላይ «ኢንስትሩመንት ኤርፕሌን» የሚል ታገኚያለሽ። እሱ ሳይኖረው መጀመሪያውኑ አስተማሪ ሊሆን ስለማይችል፣ ያንን ካርድ ብቻ ካሳየሽ ምንም አላሳየሽም። የምትፈልጊው «ፍላይት ኢንስትራክተር» የሚለውን ሁለተኛውን ነው። ሬቲንግ በሚለው መስመር ላይ «ኤርፕሌን ሲንግል ኢንጅን» ብቻ ካለ፣ ሰውየው ሲኤፍአይ፣ ማለትም የበረራ አስተማሪ፣ ብቻ ነው። ለግል ፈቃድሽ ሊያስተምርሽ ይችል ነበር፤ ለኢንስትሩመንት ሬቲንግ ግን አይበቃም። «ኢንስትሩመንት ኤርፕሌን» የሚለው እዚህኛው ካርድ ላይም መጻፍ አለበት። «ደብል አይ» የሚባለው እንዲህ ያለው አስተማሪ ነው፤ ደንቡም የአብራሪዎችና የአስተማሪዎች ፈቃድ ደንብ በሆነው ፓርት 61 ውስጥ 61.195 ላይ ነው። በባለ ሁለት ሞተር የምትማሪ ከሆነ ደግሞ «መልቲ ኢንጅን» ሁለቱም ካርዶች ላይ ይኑር።

ካርዱን ካየሽ በኋላ ኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ «ኤርመን ኢንኳየሪ» በሚለው መፈለጊያ አመሳክሪ። የኛ ሰው ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ስለሚለያይ፣ አንዳንዱም በአባቱ አንዳንዱም በአያቱ ስለተመዘገበ፣ በስም ስትፈልጊ ካጣሽው ወዲያው አትጠርጥሪው፤ በካርድ ቁጥሩ ፈልጊ። ሌላም ልብ በይ፦ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚወጡ የአስተማሪ ካርዶች የማብቂያ ቀን አይጻፍባቸውም። እንዲህ ሲባል ግን ለዘለዓለም ያስተምራል ማለት አይደለም። በየ24 ወሩ በሥራው ላይ መሆኑን ማስመዝገብ አለበትና መቼ እንደሚያበቃበት ጠይቂው።

እንዴት እንደምትጠይቂ ከጨነቀሽ፦ «ሎግቡኬ ላይ የሚፈርሙበትን ቁጥር እንዳመሳክር ሁለቱንም ካርድዎን ቢያሳዩኝ» በይው። ደህና አስተማሪ ሳትጨርሺ ቦርሳውን ያወጣል። እንዲያውም ቀድሞ የሚጠይቅሽ እሱ መሆን ነበረበት። አንቺ የአሜሪካ ዜጋ ስላልሆንሽ፣ ግሪን ካርድ ቢኖርሽም፣ የኢንስትሩመንት ሥልጠና ያለ ቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ አይጀመርም። ለግል ፈቃድሽ ብታልፊበትም ይህኛው ሥልጠና ለብቻው ይመዘገባል። ግለሰብ አስተማሪም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል ሳይተነፍስ «ቅዳሜ እንጀምር» ካለሽ፣ እኔ ብሆን እዚያው ላይ አቆማለሁ።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በፓርት 61 የሚያስፈልግሽ 50 ሰዓት የአገር አቋራጭ በረራ በአዛዥነት፣ እንዲሁም 40 ሰዓት የኢንስትሩመንት ጊዜ ነው። ከ40ው ውስጥ 15ቱ የግድ ከደብል አይ ጋር መሆን አለባቸው። ከፈተናው በፊት ባሉት 2 ወራት ውስጥ የሚደረገው የ3 ሰዓት ሥልጠናና በአይኤፍአር (በመሣሪያ የመብረር ደንብ) የሚበረረው የ250 ኖቲካል ማይል ጉዞም እንደዚያው። ሲኤፍአይ ብቻ ከሆነ ሰው ጋር 15 ሰዓት ብትበሪ፣ 40ው ውስጥ ሊቆጠርልሽ ይችላል፤ 15ቱን ግን አይሞላም። ፈታኙ ሎግቡክሽን ከፍቶ የፈረመልሽን ሰው ሲያጣራ ያ 15 ሰዓት እንደገና ይበረራል፣ የአውሮፕላን ኪራዩም እንደገና ይከፈላል። ከአስተማሪው ክፍያ የሚከብደው ደግሞ ኪራዩ ነው።

ለ250 ማይሉ ጉዞ ሌላም ጠይቂ። የአይኤፍአር በረራውን በኃላፊነት የሚይዘው እሱ ስለሆነ ባለፉት 6 ወራት 6 አፕሮች (በመሣሪያ ወደ ማረፊያው መቅረብ)፣ ሆልዲንግ (ተራ እየጠበቁ አየር ላይ መዞር)ና የኮርስ ክትትል ያደረገ፣ የሕክምና ማረጋገጫውም ያልተቃጠለ ይሁን። አውሮፕላኑ የአልቲሜትርና የፒቶት ስታቲክ (የከፍታና የፍጥነት መለኪያዎቹ) ምርመራው በ24 ወራት ውስጥ፣ ቪኦአር (አቅጣጫ የሚያሳየውን ሬዲዮ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቼኩ በ30 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት።

ገንዘብ የሚቆጠበው ሌላ ቦታ ነው። ከ40ው የቀረውን 25 ሰዓት ፈቃድና ሜዲካል ካለው ጓደኛሽ ጋር ሁድ (ውጭውን የሚከልል የዓይን መሸፈኛ) አድርገሽ መብረር ትችያለሽ፤ ስሙን ሎግቡክሽ ላይ መጻፍ እንዳትረሺ። የኤፍኤኤ ፈቃድ ደብዳቤ ያለው ሲሙሌተርም እንደየደረጃው እስከ 10 ወይም እስከ 20 ሰዓት ይቆጠርልሻል። የአገር ልጁ ደብል አይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ምን ገዶሽ፣ በግማሽ ዋጋ ተማሪ።

ስለ ዕድሜሽ፣ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድና «ነርሲንግ ተማሪ» ስለሚሉሽ እናትሽ ያነሳሻቸውን የቀሩትን ጥያቄዎች ባጭሩ ልመልስ። 27 ዓመት አልዘገየም፤ እዚህ የአየር መንገድ አብራሪ እስከ 65 ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፈቃድ በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ለማብረር በቀጥታ አያገለግልም፤ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እናትሽ ነርሲንግ የሚሉት የደሞዝ ቀን ስለማይዛነፍ ነው፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ለእሳቸው ደስታ ብለሽ የማትፈልጊው ትምህርት ውስጥ ብትገቢ የትምህርት ቤቱን ዕዳ የምትከፍይው አንቺ ነሽ።

ተከፍሎሽ ለመብረር ከሚያስችለው ከኮሜርሻል ፈቃድ 250 ሰዓት እስከ አየር መንገዱ 1,500 ሰዓት ያለውን ርቀት በራስሽ ገንዘብ መሙላት አይሞከርም። አንቺም ሲኤፍአይ፣ ቀጥሎም ደብል አይ ሆነሽ እያስተማርሽ ሙይው። እኔም የመጣሁት በዚያ ስለሆነ አድልቼ ይሆናል፤ ደሞዙ ቀጭን ነው፣ በብርዱ ወራትም በአየር ጠባይ ይቆራረጣል።

እቁቡ እስኪደርስሽ የጽሑፍ ፈተናውን ጨርሺ። 60 ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 70 ከመቶ፣ ውጤቱም ለ24 ወራት ያገለግላል።