ጀበናውን ከእጃቸው አትቀበዪ

እህቴ፣ «እናቴ 70 ካለፋቸው ወዲህ ቡና ሲቀዱ እጃቸው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ረከቦቱ ላይ ያፈሳሉ፤ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ በራሴም እናት አይቼዋለሁ።

እጃችንን ወደ ስኒ ስንዘረጋ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ይሰነዘራል፣ ሲቃረብ ደግሞ ዓይን እያየ ያስተካክለዋል። ዕድሜ ሲገፋ በተለይ የሚረዝመው ይቺ የማስተካከያዋ ክፍል ናት። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ የቀሩት የሌሎቹንም ድርሻ ደርበው ስለሚይዙ ጉልበት መመጠን ይከብዳል፣ በዚያ ላይ ክንዳችን የት እንዳለ ሳናይ የሚነግረን ስሜት ይደክማል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ዓይን ላይ ይወድቃል። እናቴ ድሮ ወሬዋን ሳታቋርጥ ነበር የምትቀዳው። አሁን ጀበናውን ስታነሳ ጨዋታው ይቆማል፤ ከጀበናው አፍና ከስኒው ሌላ የምታየው ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን የተቀየመችን መስሎኝ ነበር። ለካ እንዳይፈስባት ነው ቀስ የምትለው።

እኔ የሠራሁት ስህተት «አንቺ አረፍ በይ» ብዬ ጀበናውን መቀበሌ ነው። ጥቂት ወራት ቆይታ ስትሞክር እጇ ከበፊቱ ብሶ አገኘሁት። በጣም ነው የቆጨኝ። ከዚያ በኋላ አነስ ያለ ጀበና ገዛን፣ ግማሽ ብቻ እንሞላዋለን፣ ረከቦቱን ብርሃን ወዳለበት መስኮት አስጠጋነው፣ ክንዷን የምታስደግፍበት ትራስ አደረግንላት፣ እየቀዳች ማንም አያናግራትም። በየቀኑ ትቀዳለች። ፍጥነቷ አልተመለሰም፣ ማፍሰሱ ግን በጣም ቀንሷል።

አሁን በደንብ እዪልኝ። እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም የአንዱ እጅ መዘግየት ከሌላው በግልጽ ከበለጠ፣ እርጅና ነው ብለሽ አትተዪው፤ የነርቭ ሐኪም ይያቸው፣ ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ ሊሆን ይችላል። ስኒ ሲያነሱ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥም መድኃኒት ስላለው አሳዪው፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘሽ ሂጂ፣ አንዳንዱ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ድንገት አንድ እጅ ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃቸው።

እስከዚያው ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ ሆነው ይቅዱና እጃቸውን እዪ። በሁለቱም እጅ ነው በአንዱ? ብርሃን ሲኖር ይሻላቸዋል? እዚሁ ጻፊልኝ፣ አነበዋለሁ።