«ቆጥቡ» የሚሉን ለምንድን ነው? ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። «ለገጣፎ አዲስ ገብተናል። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የመብራት ካርድ ሞላሁ። በቴሌቪዥን ደግሞ ቆጥቡ ይሉናል። ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ለምን ትንሽ ግዙኝ ይላል? ግድቡስ ተመርቆ የለ? የምር መቆጠብ ይቻላል ወይስ ለወሬ ነው?» ብለሻል። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ «አምፖል ቀይሪ» ብለውሻል። ልክ ናቸው፤ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ስድስት ዓመት ሆነን። ከዚያ በፊት ገላን ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ኖረናል። ሁለቱም ቤት ያስተማረኝ ነገር ስላለ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

«ለምን ትንሽ ግዙኝ ይላል» የሚለው ጥያቄ እኔንም ለዓመታት ሲከነክነኝ ነበር። መልሱ የገባኝ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ቅዳሜ ነው፤ የብሎካችን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዷ ሽንኩርት ታቁላላለች፣ አንዷ ዳቦ ትደፋለች። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ አምፖሉ ቢጫ ሆነ። ምጣዴ አልግል አለኝ። ሊጡን ሳፈስበት ዐይን አያወጣም፤ ድፍን ብሎ ይቀራል። ከዚያ ከውጭ ድው የሚል ድምፅ ሰማን። ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ጎረቤቶቼ የዶሮውን ድስት ይዘው ከሰል ፍለጋ ወረዱ። እኔ ሊጤን ተሸክሜ የእንጨት ምድጃ ያላቸው አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ በተራ ጋገርን።

የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ሊያዩ የመጡት ባለሙያ ያሉኝን እስካሁን አልረሳውም። «ይሄ ዕቃ በወር ስንት እንደተጠቀማችሁ አያውቅም። የሚያውቀው በአንዴ ስንት ምጣድ እንደተሰካ ነው።»

እስቲ አብረን እናስላው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ቢሆን፣ አንድ ምጣድ ማለት 400 አምፖል ማለት ነው። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር (በግርድፉ 200 ኪሎዋት በይው) የሚችል ትራንስፎርመር 50 ምጣድ አንድ ላይ ከተሰካበት አለቀ፤ ሌላ ነገር የሚሸከምበት አቅም አይተርፈውም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 50 ምጣድ ደግሞ ምን አላት? በዚያ ላይ በሽቦ የሚያልፈው ኃይል እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት በአራት እጥፍ ይጨምራል። ያ ሙቀት ማንም ያልጋገረበት፣ ማንም ያልከፈለበት መብራት ነው። ሻጩ አመንጭቶት መንገድ ላይ የሚቀልጥ ነው።

ስለዚህ ድርጅቱ ቆጥቡ ሲል ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ያቺ የምሽት ሰዓት ናት። መስመሩንም ትራንስፎርመሩንም የሚገዛው ለእሷ ነው። ሌላውን ሰዓት ዕቃው ግማሽ ሥራ ፈትቶ ይውላል። በየበዓሉ ዋዜማ የምንሰማው ማስታወቂያም ከዚህ የመጣ ነው። ፋብሪካና ወፍጮ ቤት ለጊዜው እንዲያቆሙ፣ እኛም መጋገሩን ቀደም ብለን እንድንጨርስ ይለምኑናል። እኔ ድሮ ማስታወቂያው ሲመጣ ቻናል እቀይር ነበር። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ አዳምጬ ነው የምጋግረው።

ግድቡን አንስተሻል። አዎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ሁላችንም ያዋጣንበት ነው፤ ደስ ይበለን። ግን ግድቡ ጉባ ነው፤ ያንቺ ትራንስፎርመር ያለው ደጃፍሽ ላይ ነው። ጉባ ላይ ኃይል ስለበዛ ለገጣፎ ያለው ሽቦ አይወፍርም። ድሮ ችግሩ ውሃው ነበር። በ2011 ግንቦት የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ጎድሎት በፈረቃ መብራት እንዳየን ታስታውሻለሽ። ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመጣ ስለሆነ ክረምቱ ሲቀር መብራቱም ይቀራል። አሁን ትልቁ ፈተና ኃይሉን እስከ ቤታችን ማድረስ ነው። ደግሞ እኛ ያልተጠቀምንበት ኃይል ገዢ አለው። ሱዳን፣ ጅቡቲና ኬንያ በውጭ ምንዛሪ ይገዙታል። ለእኛ ደግሞ ለብዙ ዓመት ከወጪው በታች ሲሸጥልን ኖሯል። ከወጪው በታች የሚሸጥ ሰው ትንሽ ግዙኝ ቢል አይገርምም።

አሁን ወደ ካርድሽ ልምጣ። ድርጅቱ እኛን ለማስቆጠብ የያዘው ትልቁ ዱላ ዋጋው ነው። ታሪፉ በደረጃ የተከፈለ ነው። ጥቂት የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ርካሽ ይከፍላል፤ ብዙ ሲጠቀም የአንዱ ዋጋ ራሱ ይወደዳል። በታህሳስ 2011 ታሪፉ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ሰው አንዱ በ27 ሳንቲም እንዲቆይ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ነው የጨመረው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ካርድሽ ቶሎ ያለቀው አንቺ ስላባከንሽ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ይህ አሠራር አንድ ቤት አንድ ቆጣሪ ሲኖረው ጥሩ ነው። ገላን ግን አቃጥሎናል። አራት ቤተሰብ ነበርን። እያንዳንዳችን ወደ 45 ኪሎዋት ሰዓት ብንጠቀም ለየብቻችን ርካሹ ደረጃ ውስጥ ነን። አንድ ቆጣሪ ላይ ስንደመር ግን 180 እንሆናለን፤ ውዱ ደረጃ ውስጥ ገባን ማለት ነው። ሂሳቡ ደግሞ በክፍል ቁጥር ነበር የሚካፈለው። ከጎኔ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበር። አንዲት አምፖልና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ብቻ ነበረው። እኔ ምጣድ አለኝ፣ ሌላዋ ፍሪጅና ምድጃ አላት። እኩል ይከፍል ነበር። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከእኛም መሃል ማንም አይቆጥብም ነበር፤ አንቺ የቆጠብሽው አራት ቦታ ይካፈላል፣ ሌላዋ ያባከነችው ግን አንቺ ጋም ይደርሳል። አከራዩ ካውያ ከለከሉ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ መብራት አጥፉ አሉ፤ ምንም አልለወጠም። የለወጠው ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ የተገጠመ ቀን ነው። በሁለተኛው ወር ሁሉም ሰው የገዛ ቁጥሩን እያየ ራሱ አደብ ገዛ። እና እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን እዪ፤ ካርድ የምትሞዪበት ቆጣሪ ያንቺ ቤት ብቻ ነው? ግቢው ውስጥ ከሱ የተቀጠለ ሌላ ክፍል፣ ሱቅ ወይም የውሃ ፓምፕ የለም?

የካርድ ቆጣሪው ራሱ አንዱ የማስቆጠቢያ መንገድ ነው። መጀመሪያ ከፍለሽ፣ ሲያልቅ በዓይንሽ እያየሽ ትጠቀሚያለሽ። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ውስጥ ሰዎች ከወር ሂሳብ ወደ ቅድመ ክፍያ ሲዛወሩ ፍጆታቸው ወደ 14 በመቶ እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል። እኔም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ድሮ ሂሳብ የሚመጣው ያደረግሽውን ከረሳሽ በኋላ ነው።

አምፖሉም የራሱ ታሪክ አለው። በ2001 እና 2002 አካባቢ፣ ፈረቃው ባስጨነቀን ጊዜ፣ የድሮውን አምፖል እየሰጠን ቆጣቢውን በነፃ እንቀበል ነበር። በመላ አገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ተሰራጭቷል። 60 ዋቱን በ11 ዋት መተካት ማለት ነው። ሁሉም ሰው ማታ ማታ የሚያበራው ስለሆነ ለዚያች ለተጨናነቀችው ሰዓት ትልቅ እፎይታ ነበር። እኔ ያንን ዘመቻ የማከብረው ሰውን «ቆጥብ» ብሎ ብቻ ስላልሄደ ነው። መቆጠቢያውን ዕቃ እጁ ላይ አስቀምጦለታል።

ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ድርጅቶች አሮጌ ፍሪጅ ቀይሮ ቆጣቢ ለገዛ ደንበኛ ከዋጋው የተወሰነውን ይመልሱለታል። ቤት ድረስ ባለሙያ ልከው የት እንደሚባክን ያሳዩታል። «ከጎረቤቶችህ ይህን ያህል በልጠህ ተጠቅመሃል» የሚል ደብዳቤም ይልካሉ፤ እሷ ብቻዋን ፍጆታውን ወደ 2 በመቶ ትቀንሳለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ የድርጅቱ ገቢ ከሽያጩ መጠን ጋር እንዳይታሰር በ1982 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር አሠራር አበጅታለች፤ ያንቺን ጥያቄ ከሥሩ የነቀሉት እነሱ ናቸው። ብራዚል በ2001 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ድርቅ ሲገጥማት ብዙ ቤቶች 20 በመቶ እንዲቀንሱ ጠይቃ፣ ብዙ ለቀነሱ ድሃ ቤተሰቦች ጉርሻ ከፍላለች፤ ላልቀነሰ ቅጣት ነበረው። ሰዉም ቀነሰ።

እኛ አገር የምመኘው ግን ምጣድ ላይ እንዲሠራ ነው። የኢነርጂ አዋጁ፣ ቁጥር 810/2006፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የቁጠባ ደረጃ እንዲወጣ በር ከፍቷል። አምፖሉ እንደተቀየረልን አሮጌው ምጣድም በቆጣቢ ቢቀየርልን፣ ቀሪውን ከካርዳችን ላይ በትንሽ በትንሹ ብንከፍል፣ የስንት ሰፈር ትራንስፎርመር በዳነ ነበር! ይህን የምለው ከደብተሬ ተነስቼ ነው።

ከፋሲካው በኋላ ከመጋገሬ በፊትና በኋላ ቆጣሪዬን መጻፍ ጀመርኩ። 30 እንጀራ ጠዋት በአንድ ጊዜ ስጋግር ወደ 6.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያንኑ 30 በሦስት ቀን አሥር አሥር አድርጌ ስጋግር 8.4 ሆነ። ልዩነቱ ማሞቂያው ነው። ምጣዴ እስኪግል 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ 12 ደቂቃ ማለት 0.8 ነው፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጋገርኩት ቀን ደግሞ በአንድ ጊዜ ጋግሬም 8 ደረሰ። ይህ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ምክንያቱ ኃይሉ ሲደክም ነው። ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ ምጣዱ የሚያገኘው ሙቀት ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ይሆናል። ለመጋል ይዘገያል፤ እየዘገየ ሳለ ሙቀቱ በጎንና በሥር ይወጣል። ልብ በይ፣ ለትራንስፎርመሩ መጥፎ የሆነው ሰዓት ለእኔም ኪስ መጥፎ ነው። እንጀራውም አያምርም።

ስለዚህ አሁን በአራት ቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ከሸኘሁ በኋላ ነው የምጋግረው። ሊጡ ተዘጋጅቶ ካልቀረበ ምጣዱን አልሰካም። አንዱን አውጥቼ ሌላውን እስካፈስ ክዳኑን ክፍት አልተወውም። ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀረኝ ከሶኬት እነቅለዋለሁ፤ በቀረው ግለት ይበስላሉ፣ የመጨረሻው ብቻ ትንሽ ይቆያል። በዚህ ብቻ ወደ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይተርፈኛል። ሥራ ሄደሽ የምትውዪ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት አድርጊው። ሶኬትሽን ደግሞ በእጅሽ ዳሰስ አድርጊ። ከጋለ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ላልቷል። እሱ ብክነት ብቻ ሳይሆን ቤት ያቃጥላል፤ ቶሎ ባለሙያ ጥሪ።

ቦይለር ካለሽ ቀኑን ሙሉ አታብሪው፤ ከመታጠብሽ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይበቃዋል። የፍሪጅሽን በር ላስቲክ በወረቀት ፈትኚው። ዘግተሽበት ወረቀቱ ሳይዝ የሚወጣ ከሆነ ብርዱም እንዲሁ ይወጣል። አምፖልሽንም ቀይሪ፣ መካሪዎችሽ ልክ ናቸው።

ቅዳሜ ስትጋግሪ ከመሰካትሽ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ጻፊ፣ ነቅለሽ ስትጨርሺም ጻፊ። ስንት እንጀራ እንደወጣሽና በስንት ሰዓት እንደጋገርሽ ጨምረሽ እዚሁ ላኪልኝ። የምጣድሽንም ዕድሜ ንገሪኝ። ከእኔ ደብተር ጋር እናስተያየዋለን።